«የኮሌጅ ሻምፒዮን» ማን ናት? ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና ስያሜዎች

1. መነሻ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንድ የአማርኛ መምህር ከቆላ ድባ ከተማ የላኩልን ጥያቄ ነው። መምህሩ ለንባብ ልምምድ ይሆናል ብለው በክፍል ውስጥ ያቀረቡት አጭር ትርጉም ስለ እግር ኳስ ተጫዋቿ ስለ ናኦሚ ግርማ የሚናገር ሲሆን፣ ናኦሚ «የኮሌጅ ብሔራዊ ሻምፒዮን» እንደነበረች ይገልጻል። ይህን ያነበበች አንዲት ተማሪ፣ «ኮሌጅ የገባችው ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ስላልመጣላት ነው?» ስትል ጠየቀች። ከጎኗ የተቀመጠችው ደግሞ፣ «ኳስ ሲያባርሩ እየዋሉ ነጥብ ከየት ይመጣል!» ብላ መለሰችላት። መምህሩ ልጆቹን ለማረም ቢፈልጉም በእጃቸው ያለው ጽሑፍ የሚደግፈው የልጆቹን አስተያየት ሆኖ አገኙት። ስለዚህ «ትክክለኛው አማርኛ ምን መሆን አለበት?» ሲሉ ጻፉልን።

ልጆቹ በአነባበብ አልተሳሳቱም። አማርኛውን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚረዳው ተረድተውታል። ስሕተቱ ከተርጓሚው ነው። ተርጓሚው ቃላቱን አንድ በአንድ አሻገረ፤ ነገሩ ግን ወዲያ ማዶ ቀረ። በዚህም ምክንያት፣ ለትምህርትም ለስፖርትም የበቃች አንዲት ወጣት ታሪክ፣ ኳስ ሴት ልጅን ከትምህርት ያጎድላል ለሚለው የቆየ ስጋት ማስረጃ ሆኖ ተነበበ። የስያሜ ጥናት የባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ «የሴቶች የኮሌጅ እግር ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና» የሚለውን ሐረግ ቃል በቃል እየነጠልን እንመረምራለን፤ ከውድድሩ ጋር የተያያዙትን ሌሎች ስያሜዎችም እንዳስሳለን። በመጨረሻም ለተርጓሚዎች ይበጃሉ ያልናቸውን ስያሜዎች ከነፍቻቸው እናቀርባለን።

2. ስያሜው የሚወክለው ነገር

ማንኛውም ስያሜ ከመፈለጉ በፊት የሚሰየመው ነገር መታወቅ አለበት። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራው አገር አቀፍ ማኅበር የሴቶችን የእግር ኳስ ሻምፒዮና ማካሄድ የጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ሕግ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ በሚቀበሉ የትምህርት ተቋማት ውስጥ በጾታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለሴቶች ስፖርት ሜዳ፣ አሠልጣኝና በጀት እንዲመድቡ ያስገደዳቸው ይኸው ሕግ ነው። በመጀመሪያው ሻምፒዮና የተሳተፉት 12 ቡድኖች ሲሆኑ፣ አሸናፊው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይኸው ዩኒቨርሲቲ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ሻምፒዮናውን 22 ጊዜ አሸንፏል።

ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሳታፊ ቡድኖች ቁጥር 64 ነው፤ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ብቻ ወደ 48 ዝቅ ብሎ ነበር። ውድድሩ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ወዲያውኑ የሚሰናበትበት ነው። በመሆኑም 64 ቡድኖች በ6 ዙር፣ በ63 ግጥሚያዎች ተጣርተው አንድ ሻምፒዮን ይቀራል። ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ በየአካባቢው የውድድር ማኅበር አሸናፊ በመሆናቸው በቀጥታ ይገባሉ፤ የቀሩትን አንድ ኮሚቴ የዓመቱን ውጤታቸውን አይቶ ይመርጣቸዋል።

ናኦሚ ግርማ የተወለደችው በ2000 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ነው። ኳስ የጀመረችው በአካባቢው የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች «ማለዳ» ብለው በሰየሙት የልጆች ስብስብ ውስጥ ነው። ኋላም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ኅዳር 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎቹ የፍጻሜ ግጥሚያ በተወለደችበት በሳን ሆዜ ሲደረግ፣ ስታንፎርድና ሰሜን ካሮላይና ያለ ግብ ተለያዩ፤ በመለያ ምት ስታንፎርድ 5 ለ 4 በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ለስታንፎርድ ከ2011 እና ከ2017 እ.ኤ.አ. ቀጥሎ ሦስተኛው ነበር። ናኦሚ ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የዝውውር ክፍያ ወደ ቼልሲ ተዛውራለች። በሴቶች እግር ኳስ የዝውውር ክፍያ ከዚህ መጠን ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ የቆላ ድባዋ ተማሪ «ነጥብ አልመጣላትም» ያለቻት ወጣት የተማረችው በዓለም ላይ ለመግባት እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛው ነው ማለት ነው።

3. «ኮሌጅ»

በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይህ ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቀጥሎ ያለውን፣ በተለይም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚገኝበትን የትምህርት ደረጃ በጠቅላላው ያመለክታል። የተቋሙ ስም ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ተማሪው «ኮሌጅ ነኝ» ይላል። በአማርኛ ግን ቃሉ ሌላ ታሪክ አለው፤ ለዚህም ከጎንደርና ከአካባቢው የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም፣ በዘመኑ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተቋም ገና አልነበረም። የኮሌጁ ተማሪዎች ለመስክ ሥልጠና ወደ ወረዳዎች ይወጡ ስለነበር፣ በደምቢያና በአካባቢው ለነበረው ሰው «ኮሌጁ» ማለት ከትምህርት ቤቶች ሁሉ የበላይ የሆነው፣ ሐኪም የሚወጣበት ቤት ነበር። ያ ተቋም በ1996 ዓ.ም. ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል በዚያው አካባቢ ቢያንስ ሦስት ፍቺዎች አሉት፤ አንደኛ፣ እንደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለ ከዩኒቨርሲቲ በደረጃ ዝቅ የሚል ተቋም፤ ሁለተኛ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ክፍል፣ ለምሳሌ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፤ ሦስተኛ፣ በሽማግሌዎች አነጋገር፣ የቀድሞው የጤና ኮሌጅ። ከእነዚህ መካከል ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቀድሞ ወደ ሐሳቧ የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። የመግቢያ ፈተና ውጤት የማን ዕጣ ዩኒቨርሲቲ፣ የማን ዕጣ ኮሌጅ እንደሚሆን ሲወስን ታያለችና።

ስለዚህ የአሜሪካውን ቃል በአማርኛ «ኮሌጅ» ማለት ድምፁን ማምጣት እንጂ ፍቺውን ማምጣት አይደለም። ትክክለኛው አቻ «የዩኒቨርሲቲ» ወይም «የዩኒቨርሲቲዎች» ነው። ጠቅለል ያለ አነጋገር ሲያስፈልግ «የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት» ማለት ይቻላል።

ይህ ቃል አንድ ተጨማሪ ግልጽነት ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ታላላቆቹ የሴቶች ክለቦች የባንክ፣ የከተማ ወይም የሌላ ድርጅት ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ቡድን በአገሪቱ ዋና ሊግ ውስጥ መገኘቱ ለአንባቢው እንግዳ ነው። በሌሎች አገሮች ግን እንዲህ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቡድን ሲሳተፍ፣ ከደቡብ አፍሪካ ከመጡት ቡድኖች አንዱ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ስለሆነም ተርጓሚው «ስታንፎርድ አሸነፈ» ብሎ ከማለፍ «የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን» ብሎ በመጀመሪያው አጋጣሚ ሙሉውን ቢጽፍ አንባቢውን ይረዳዋል።

4. «ብሔራዊ»

«ብሔር» በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው። «እግዚአብሔር»፣ «ብሔረ ሕያዋን» በሚሉት ውስጥ ይህ ፍቺ ተጠብቆ ይገኛል። «ብሔራዊ ባንክ»፣ «ብሔራዊ ቴአትር»፣ «ብሔራዊ ቡድን» በሚሉት ስያሜዎችም «የአገር» የሚለው ፍቺ አለ። ይሁን እንጂ «ብሔር» ከጊዜ በኋላ በፖለቲካ አነጋገር የአንድ ቋንቋና ባህል ባለቤት የሆነ ሕዝብ የሚል ፍቺ ያዘ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ተብሎ ጸደቀ። «የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» በሚለው ስም ውስጥ «ብሔራዊ» የሚለው ቅጽል አገሪቱን በሙሉ አያመለክትም።

በመሆኑም ለዛሬ አንባቢ «ብሔራዊ ሻምፒዮና» የሚለው ሐረግ ሁለት አሻሚ ፍቺዎች አሉት። በሌላ በኩል ደግሞ «ብሔራዊ ቡድን» ማለት አገርን ወክሎ ከሌላ አገር ጋር የሚጫወት ቡድን ስለሆነ፣ «ብሔራዊ ሻምፒዮን» ሲባል አንባቢው የብሔራዊ ቡድን ውድድር ሊመስለው ይችላል። የኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሲወጣ ተጋጣሚዎቹ አገሮች ነበሩ። በዩኒቨርሲቲዎቹ ሻምፒዮና ግን የሚጋጠሙት የአንድ አገር ተቋማት ናቸው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው «አገር አቀፍ» የሚለው ቅጽል ነው። ሥራው «ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የተውጣጣ» የሚለውን ብቻ መግለጽ ስለሆነ አያሻማም። እኛም «ብሔራዊ» ለቡድን፣ «አገር አቀፍ» ለውድድር ይሁን እንላለን።

5. «አትሌቲክስ»፣ «ኮንፈረንስ»፣ «ዲቪዚዮን»

እነዚህ ሦስት ውሰት ቃላት ወዳጅ መስለው የሚያሳስቱ ናቸው።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ቃል ማንኛውንም ስፖርት ያጠቃልላል። በአማርኛ «አትሌቲክስ» ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ብቻ ነው፤ ከአበበ ቢቂላ ወዲህ በኢትዮጵያውያን ጆሮ ከሁሉም በላይ ሩጫ ነው። ለኳስ ተጫዋች የተሰጠን የትምህርት ድጋፍ «የአትሌቲክስ ነፃ የትምህርት ዕድል» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ ዕድሉ ለሯጮች ብቻ እንደሆነ ለአንባቢው ነገረው ማለት ነው። ትክክለኛው «የስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል» ነው። ደብዳቤው የሚደርሰው ቤተሰብ በአንድ ቃል ምክንያት ዕድሉን ሊያሳልፈው ስለሚችል እዚህ ላይ ጥንቃቄው የበዛ መሆን አለበት።

«ኮንፈረንስ» በአማርኛ ስብሰባ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ ስፖርት ግን እርስ በርሳቸው በዓመቱ የሚጋጠሙ ተቋማት የሚመሠርቱት ማኅበር ስለሆነ «የውድድር ማኅበር» እንበለው። «ዲቪዚዮን» ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች መውጣትና መውረድ ያለበት የሊግ እርከን ይመስላል። በአሜሪካ ተቋሙ ለስፖርት በሚመድበው አቅምና በሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ መጠን የተመደበበት ክፍል ነው፤ አንድ ቡድን በውጤቱ አይወጣበትም፣ አይወርድበትም። «መደብ» ብንለው ከሊግ እርከን ይለያል።

6. «ሻምፒዮና»፣ «ዋንጫ»፣ «ቋት»

«ሻምፒዮና» የመጨረሻ ድምፁ እንደሚመሰክረው በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ቃል ነው። «ሻምፒዮን» ለአሸናፊው፣ «ሻምፒዮና» ለውድድሩ መሆኑ በአማርኛ ጸንቷል። ስለዚህ ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁለቱን አለመቀላቀል ብቻ ይበቃል።

«ዋንጫ» የአገር ቃል ነው። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ከቀንድ የተሠራው ዋንጫ የጠላ መጠጫ ነበር፤ ዛሬም በየቤቱ ባይገለገሉበትም ያውቁታል። ቃሉ ከመጠጫው ወደ ሽልማቱ፣ ከሽልማቱም ወደ ውድድሩ ፍቺውን አስፍቷል። «ዋንጫውን አነሡ» ሲባል ሽልማቱ፣ «የአፍሪካ ዋንጫ» ሲባል ውድድሩ ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ውስጥ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች የሚገናኙበት ምዕራፍ በእንግሊዝኛ የዋንጫ ስም ተሰጥቶታል። ይህን «የኮሌጅ ዋንጫ» ብሎ መተርጎም ራሱን የቻለ ሌላ ውድድር ያስመስለዋል። የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ግጥሚያዎች ስብስብ ስለሆነ «የአራቱ ማጠቃለያ» ብንለው ነገሩን ይገልጻል።

ቡድኖች ለዕጣ ሲደለደሉ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ቋት» የሚለውን ቃል መጠቀማቸው የሚመሰገን ነው። «ቋት» ከወፍጮ ሥር ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። «የመረጃ ቋት» የሚለው የኮምፒውተር ስያሜም ከዚሁ የተገኘ ነው። ብርቱዎቹ ቡድኖች በመጀመሪያ ዙር እንዳይገናኙ አስቀድሞ የሚሰጣቸውን ደረጃ ግን እንግሊዝኛው በዘር ቃል ይጠራዋል። ይህንን «ዘር» ብሎ መተርጎም በአማርኛ ትውልድንና ጎሣን ስለሚያስታውስ ፈጽሞ አይገባም። «መነሻ ደረጃ» የሚለው በቂ ነው።

7. «ጥሎ ማለፍ» እና የደረቀ ጾታ

ከውድድር ስያሜዎቻችን ሁሉ የላቀው «ጥሎ ማለፍ» ይመስለናል። ከ«ጣለ» ቦዝ አንቀጽና ከ«አለፈ» ንኡስ አንቀጽ የተጣመረ ነው። «ጣለ» የትግል ቃል ነው፤ ታጋዩ ባላጋራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የውድድሩ አሠራር በሙሉ በሁለት ቃል ተገልጿል፤ ማብራሪያም አይጠይቅም። የውጭ ቋንቋ ቅጂ ሳይሆን ከገዛ ቋንቋችን ጉልበት የወጣ ስያሜ ነው።

ስለ ሴቶች ውድድር ሲጻፍ ግን አንዳንድ ተርጓሚዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። «ጥሎ» የተባዕት ነጠላ ቅርጽ ስለሆነ ለሴቶች «ጥላ ማለፍ» ወይም «ጥለው ማለፍ» መባል የለበትም ወይ? መልሳችን አይባልም የሚል ነው። በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ወደ ጥምር ቃል ሲገባ ጾታውና ቁጥሩ ይደርቃል። «አርሶ አደር» የሚለውን እንመልከት። ሴቲቱ ራሷ ብታርስም «አርሳ አደር» አትባልም፤ «አርሶ አደሯ» ትባላለች። «ሠርቶ ማሳያ»፣ «አርብቶ አደር» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ጾታው ከጥምሩ ውስጥ ወጥቶ ወደ መጨረሻው ቅጥያ ሄዷል። «የሴቶች ጥሎ ማለፍ» ስንል እንግዲህ የሰዋስው ስሕተት አንሠራም።

ለዙሮቹ «ሩብ ፍጻሜ»፣ «ግማሽ ፍጻሜ»፣ «ፍጻሜ» የሚሉት የታወቁ ናቸው። ከዚያ በፊት ላሉት ዙሮች ክፍልፋይ መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ «የ64ቱ ዙር»፣ «የ32ቱ ዙር»፣ «የ16ቱ ዙር» ማለት ይበቃል።

8. «ፍጹም ቅጣት ምት» እና «መለያ ምት»

እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። በእንግሊዝኛ በጨዋታ መካከል በጥፋት ምክንያት የሚሰጠውም፣ እኩል የወጡ ቡድኖችን ለመለየት የሚመታውም በአንድ የቅጣት ስም ይጠራሉ። በአማርኛ የመጀመሪያው «ፍጹም ቅጣት ምት» ነው፤ ጥፋት ስላለ ቅጣት አለ። ሁለተኛው «መለያ ምት» ነው፤ ማንም ስላላጠፋ ቅጣት የለም፣ ሥራው መለየት ብቻ ነው። የ2012 ዓ.ም.ን የፍጻሜ ግጥሚያ ዜና «ስታንፎርድ በቅጣት 5 ለ 4 አሸነፈ» ብሎ የተረጎመ ሰው ይህን የቋንቋውን ሀብት ጥሎታል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበር መዝገብ በመለያ ምት የተወሰነ ግጥሚያ የሚመዘገበው እንደ አቻ ውጤት ነው። ስለዚህ ስለ ቀደሙት ዙሮች ሲጻፍ «በመለያ ምት አሸነፈ» ከማለት «አቻ ተለያይቶ በመለያ ምት አለፈ» ማለት ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። ስለ ፍጻሜው ደግሞ «በመለያ ምት ሻምፒዮን ሆነ» ማለት ይቻላል።

9. ሕያው ጾታ

የቆላ ድባው መምህር በሁለተኛ ደብዳቤያቸው ልጃገረዶቹ ሜዳ ላይ የሚጠሯቸውን ቃላት ዘርዝረው ልከውልናል። «አቀብዪኝ!» «ምቺው!» «ያዣት!» «ልቀቂው!» ይላሉ። ሰዋስዉ የተሟላ ነው። ልው ወደ ይ፣ ቱ ወደ ች፣ ዙ ወደ ዥ ተለውጦ የአንስት ትእዛዝ አንቀጽ በትክክል ወጥቷል፤ በ«ልቀቂው» ውስጥ ደግሞ ቁ ሳይለወጥ ቀርቷል፤ ይህም ደንቡ ነው። ሜዳው ላይ ያለው አማርኛ ሴት መጫወቷን ካወቀ ቆይቷል። አላወቀም ሊባል የሚችለው በወረቀት ላይ ያለው ነው።

በትርጉም የሚዘጋጁ የሕግና የሥልጠና ጽሑፎች «ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ቢነካ»፣ «ኳሱን በቀኝ እግርህ አቀብል» እያሉ ይጽፋሉ። የምንጩ ቋንቋ በዚህ ቦታ ጾታ ስለማይለይ ተርጓሚው የተባዕቱን ቅርጽ ያለ ሐሳብ ይመርጣል። ለዚህ ሦስት መፍትሔ አለ።

አንደኛ፣ ጽሑፉ ለሴቶች ብቻ ከሆነ አንስት ቅርጽ ያለ ማመንታት ይግባ፤ «ተጫዋቿ በእጇ ብትነካ»። ሁለተኛ፣ ለሁለቱም ጾታ ከሆነ ብዙ ቁጥር ይመረጥ። በአማርኛ ብዙ ቁጥር ጾታ አይለይምና «ተጫዋቾች በእጃቸው ቢነኩ»፣ «ኳሱን አቀብሉ» የሚለው ማንንም አያስቀርም። ሦስተኛ፣ የሥራ ድርሻን የሚገልጹ ስሞች «ሴት» የሚል ቅጽል እንዳይጫንባቸው ይጠበቁ። «አጥቂ»፣ «ተከላካይ»፣ «አማካይ»፣ «ግብ ጠባቂ»፣ «አሠልጣኝ»፣ «አምበል»፣ «ዳኛ» በራሳቸው ለሁለቱም ጾታ ናቸው፤ የሚለያቸው አመልካች ቅጥያው ነው። «ሴት ተከላካይዋ» ማለት ድግግሞሽ ነው፤ «ተከላካይዋ» ይበቃል። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ለተካሄዱት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች በዳኝነት ተመርጣለች፤ «ዳኛዋ» ሲባል ማዕረጉም ጾታውም በአንድ ቃል ተነግሯል።

10. ስለ ስም አጻጻፍ

በመጨረሻ የስም ነገር አለ። የእንግሊዝኛ ዜና ተጫዋቿን በቤተሰብ ስም ብቻ ስለሚጠራ «ግርማ ኳሱን አስጣለች»፣ «ግርማ ወደ ቼልሲ ተዛወረች» የሚሉ ትርጉሞች ይነበባሉ። በአማርኛ ሥርዓት ግርማ የአባት ስም ነው፤ አባትን ጠርቶ ልጅቱን በአንስት ግሥ ማስከተል ለጆሮ የሚቃወም ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንዳደረገ ያምታታል። በመጀመሪያ «ናኦሚ ግርማ»፣ ከዚያ በኋላ «ናኦሚ» መባል አለበት። አንዳንዶች ስሙን በመጽሐፈ ሩት እንዳለው «ኑኃሚን» ብለው ያስተካክሉታል። ይህም ተገቢ አይደለም፤ የሕያው ሰው ስም ባለቤቱ በሚታወቅበት ድምፅ ይጻፋል።

11. የሚመከሩ ስያሜዎች

የዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች እግር ኳስ አገር አቀፍ ሻምፒዮና፦ በአንድ አገር ያሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሴቶች ቡድኖች የዓመቱን ሻምፒዮን ለመለየት የሚያደርጉት ውድድር።

የውድድር ማኅበር፦ በዓመቱ መደበኛ ግጥሚያዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙ ተቋማት ስብስብ።

መደብ፦ ተቋማት በስፖርት አቅማቸው የሚመደቡበት ክፍል፤ መውጣትና መውረድ የለበትም።

መነሻ ደረጃ፦ ከዕጣ ወይም ከድልድል በፊት ለብርቱ ቡድኖች የሚሰጥ ተራ።

ቋት፦ ለዕጣ የሚቀርቡ ቡድኖች በደረጃቸው የሚሰባሰቡበት ክፍል።

ጥሎ ማለፍ፦ የተሸነፈ የሚሰናበትበት፣ ያሸነፈ ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፍበት የውድድር ሥርዓት።

የአራቱ ማጠቃለያ፦ በአንድ ሥፍራ የሚደረጉ የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ግጥሚያዎች።

መለያ ምት፦ አቻ የወጡ ቡድኖችን ለመለየት በየተራ የሚመታ ምት፤ ከ«ፍጹም ቅጣት ምት» ጋር አይቀላቀልም።

የስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል፦ ለስፖርት ችሎታ የሚሰጥ የትምህርት ወጪ ድጋፍ።

12. መዝጊያ

ከላይ ከተመለከቱት ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ ፈጠራ አይደሉም፤ በሕዝቡና በጋዜጠኞች አፍ ያሉ ናቸው። የእኛ ድርሻ የነበረው የትኛው ለየትኛው ነገር እንደሚስማማ መለየትና ክፍተት ባለበት ጥቂት ማከል ብቻ ነው። ከዘረዘርናቸው ውስጥ ለውይይት ክፍት የሆኑት በተለይ «የውድድር ማኅበር»፣ «መደብ» እና «የአራቱ ማጠቃለያ» ናቸው፤ የተሻለ ያላቸው አንባብያን እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።

ለቆላ ድባው መምህር የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር በመልስነት ልከናል፦ «ናኦሚ ግርማ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስትማር፣ የዩኒቨርሲቲዋ ቡድን በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች እግር ኳስ አገር አቀፍ ሻምፒዮና አሸናፊ ሲሆን ከተጫዋቾቹ አንዷ ነበረች።» ከቀድሞው ረዘም ይላል። ነገር ግን ልጆቹ ሲያነቡት ትማር እንደነበረም፣ ትጫወት እንደነበረም፣ አንዱ ሌላውን እንዳላስቀረባትም ከዚያው ያገኙታል።